በአንዲት ፊደል ነው የተጣሉት? ስለ አትናቴዎስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ ‹እማዬ፣ አትናቴዎስና አርዮስ እኮ ያን ሁሉ የተባሉት በአንዲት ፊደል ነው› አለኝ። ኢንተርኔት ላይ አይቶት ነው። እኔ የአትናቴዎስን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሰማ ነው ያደግሁት። አምስት ጊዜ መሰደዱንም ሰምቻለሁ። እውነት ለአንዲት ፊደል ነው? ምን ብዬ ልመልስለት?»

ልጅዎ የሰማው ነገር ከባዶ የተነሣ አይደለም። ፊደሏ አለች። ነገር ግን የመጣችው ጸቡ ከተጀመረ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አርዮስ ያኔ ከሞተ 20 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች፣ ኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስና ወልድ ፍጡር ነው ያለው ቄስ አርዮስ፣ በእሷ ሊጣሉ አይችሉም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ ይህ ጥያቄ ይነሣል። ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም ፊደሏን ተከትሎ የሄደ ሰው አትናቴዎስን በትክክል ያገኘዋል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በግሪክኛ ሆሞኡሲዮስ የሚባል ቃል አለ። «በባሕርይ አንድ የሆነ» ማለት ነው። ሆሞይኡሲዮስ የሚባልም አለ። እሱ ደግሞ «በባሕርይ የሚመሳሰል» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጻፉ የሚለያዩት ዮታ በምትባል ትንሽ ፊደል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኤድዋርድ ጊበን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ይህን አንሥቶ ሰዎች በዚህ ሲሳለቁ እንደኖሩ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ዛሬ ልጅዎ ስልክ ላይ ደርሷል።

አርዮስ ግን ሁለቱንም ቃል አይቀበልም ነበር። ለእሱ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ አይደለም፤ በባሕርይ አይመስለውምም። ጭራሽ ሌላ ነው።

አርዮስ ማን ነበር? በእስክንድርያ ቦካሊስ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ቄስ ነበር። በዕድሜ የገፋ፣ ጾመኛ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። ትምህርቱን በግጥም አዘጋጅቶት ነበር። ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች የሚሆን ዜማ እንደደረሰም ይነገራል። እሱን እንደ ክፉ ሰው ብቻ መሣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አይመቸኝም። ያስጨነቀው ነገር የእግዚአብሔር አንድነት ነበር። «እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ከማንም አልተወለደም፣ መጀመሪያ የለውም። ወልድ ከተወለደ ግን መጀመሪያ አለው። ስለዚህ ያልነበረበት ጊዜ ነበር» አለ። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በፊት የተፈጠረ፣ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ያም ሆኖ ፍጡር ነው። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ብዙ ሰው የተከተለውም ለዚህ ነው።

ጸቡ የተነሣው በ318 አካባቢ ነው። አትናቴዎስ ያኔ ገና ወጣት ነው፤ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እለእስክንድሮስ ረዳት ሆኖ ያገለግል ነበር። በ325 ጉባኤ ኒቅያ ሲሰበሰብም አብሮት ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። በስብከት ብዙ ጊዜ አትናቴዎስ በጉባኤው መሃል ቆሞ አርዮስን ሲረታ እንሰማለን። ያኔ ግን ዲያቆን ነው። በጉባኤው የሚወስኑት ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ። ሠለስቱ ምዕት ብለን የምናስባቸው ማለት ነው። የአትናቴዎስ ትግል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ጉባኤው ተበትኖ ሁሉም ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ስለ ኒቅያ ራሱ የጻፈው ታሪክ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። አባቶች መጀመሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ በተወሰዱ ቃላት ሊጽፉ ፈለጉ። «ወልድ ከእግዚአብሔር ነው» እንበል አሉ። የአርዮስ ወገኖች እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፣ በዓይን ተጠቃቀሱ። «ይሁን፣ እኛም እኮ ከእግዚአብሔር ነን፤ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» ብለው ሊቀበሉት ተዘጋጁ። «የአብ ኃይልና አምሳል ነው» ሲባልም እንደዚያው። የቀረበውን ቃል ሁሉ ወደ ራሳቸው ትርጉም ይስቡታል። በመጨረሻ ሊስቡት የማይችሉት ቃል ተገኘ፤ ሆሞኡሲዮስ። እንደ አጥር ነው የተተከለው። አጥር ደግሞ የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው የሚታጠረው።

ታዲያ የሚጠበቀው ነገር ምን ነበር? ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ለልጅዎም ከሁሉ በላይ ይህን ቢነግሩት ደስ ይለኛል።

አትናቴዎስ ገና ቀደም ብሎ ስለ ቃል ሰው መሆን አንድ አጭር መጽሐፍ ጽፏል። የአርዮስ ስም አንድም ቦታ አይነሣበትም። ሐሳቡ ሁሉ ግን እዚያ አለ። የሚጀምረው ከፍጥረት ነው። ሰው ከምንም የተፈጠረ ነው። በራሱ ከተተወ ወደ ምንምነት ያዘነብላል። እግዚአብሔር በአርአያው ሲፈጥረው ግን ከሕይወቱ አካፈለው። ሰው ከዚያ ሕይወት ፊቱን ሲያዞር መፍረስ ጀመረ። ሞት ለአትናቴዎስ እንደ መበስበስ ነው፤ ከውስጥ ይጀምራል።

አሁን እግዚአብሔር ምን ያድርግ? «ትሞታለህ» ብሏል፤ ቃሉ አይታጠፍም። የፈጠረው ልጁ ዓይኑ እያየ ሲጠፋ ዝም ማለት ደግሞ ለቸርነቱ አይገባም። አትናቴዎስ ሰው ሊያነሣው የሚችለውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል። ሰው ንስሐ ቢገባ አይበቃም ወይ? ጥፋት ብቻ ቢሆን ይበቃ ነበር ይላል። ችግሩ መበስበሱ ባሕርያችን ውስጥ ገብቷል። እኔ ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸዋለሁ። ሐኪም የከለከለውን በልቶ የታመመ ሰው ሐኪሙን ይቅርታ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። በሽታው ግን በይቅርታ አይለቀውም። መድኃኒት ይፈልጋል።

መድኃኒቱ ራሱ የፈጠረን ቃል ነው። አትናቴዎስ ይህን ሲያስረዳ ምሳሌዎቹ ከመንገድ ላይ የተነሡ ይመስላሉ። በእንጨት ላይ የተሣለ የሰው መልክ በቆሻሻ ቢጠፋ፣ ይላል፣ እንጨቱ አይጣልም። የመልኩ ባለቤት ተመልሶ ይመጣል፤ ሠዓሊው እሱን እያየ በዚያው እንጨት ላይ እንደገና ይሥለዋል። የአብ መልክ የሆነው ወልድ የመጣው እንዲሁ በእኛ ላይ የጠፋውን መልክ ሊያድስ ነው። ሌላም አለው። ንጉሥ ወደ አንድ ከተማ ገብቶ በአንዲት ቤት ቢቀመጥ ከተማው በሙሉ ይከበራል። ሽፍታም ጠላትም አይደፍረውም። ቃል ከእኛ አንዱን ሥጋ ለብሶ በመካከላችን ሲያድር የሰው ልጅ ከተማ በሙሉ ተከበረ። ከዚያ በኋላ ነው ያ የታወቀው አባባሉ የሚመጣው፦ እኛን አምላካውያን ሊያደርገን እሱ ሰው ሆነ። ፈጣሪዎች እንሆናለን ማለቱ አይደለም። እሱ በባሕርዩ ያለውን ሕይወት እኛ በጸጋ እንካፈላለን ማለቱ ነው።

አሁን አርዮስን ወደዚህ ያምጡት። ወልድ ፍጡር ከሆነ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ፍጡር ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር ሊያገናኝ አይችልም። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው አብሮት የወደቀውን አያወጣም። አትናቴዎስ አርዮስን የሚቃወሙ ረጃጅም ድርሳናት ጽፏል። ብዙ ገጽ ቢሆኑም እየተመላለሱ የሚያርፉት እዚህ ነጥብ ላይ ነው። የምንጠመቀው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው። መሃል ላይ ያለው ፍጡር ከሆነ የተጠመቅነው ከማን ጋር ልንዋሐድ ነው? ክርስቲያን ሁሉ ለክርስቶስ ይሰግዳል፤ የአርዮስ ወገኖችም ይሰግዱ ነበር። ፍጡር ነው እያሉ መስገድ ደግሞ ክርስትና ትቶት የመጣው ጣዖት አምልኮ ነው። ወደኋላ መመለስ ነው።

ስለ አብም ያነሣል። በአማርኛ ስናስበው የበለጠ ይገባናል። ሰው «አባት» የሚባለው ልጅ ሲኖረው ነው። ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ካለ፣ አብ አባት ያልሆነበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ታዲያ እግዚአብሔር ተለወጠ? ቆይቶ ነው አባት የሆነው? ምንጭ ያለ ውኃ፣ ፀሐይ ያለ ብርሃን እንደማይታሰብ ሁሉ አብም ያለ ወልድ አይታሰብም ይላል። አርዮስ የእግዚአብሔርን ክብር ልጠብቅ ብሎ ተነሥቶ አባትነቱን ነጠቀው።

ከጥቅስ ጋር የሚመጡ ጥያቄዎችንም አልሸሸም። ጌታ ተራበ፣ አለቀሰ፣ ደከመ ተብሎ ተጽፏል፤ አምላክ ይደክማል ወይ? የእሱ መልስ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ጌታ ሁለት ነገር ይናገራሉ የሚል ነው። ቃልነቱን ይናገራሉ፤ ስለ እኛ የለበሰውን ሥጋም ይናገራሉ። ረሃቡና ዕንባው በሥጋው ነው። ሥጋው ግን የሌላ የማንም አይደለም፣ የራሱ የቃል ነው። ከእሱ በኋላ የእስክንድርያ ጳጳስ የነበረው ቄርሎስ የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ይህ ሌላ ሰፊ ርእስ ስለሆነ እዚህ ልተወው።

ወደ ስደቱ ልሂድ። እለእስክንድሮስ በ328 ሲያርፍ አትናቴዎስ በመንበሩ ተተካ። 45 ዓመት ያህል ጳጳስ ሆኖ ኖረ። ከዚያ ውስጥ 17 ዓመት ገደማ ያሳለፈው በስደት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክሶች ከሃይማኖት ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። በግብፅ ቀደም ሲል የተገነጠሉ ሜሌጢያውያን የሚባሉ ወገኖች ነበሩ። አርሴንዮስ የሚባለውን ጳጳስ አስገድሏል፣ እጁን ቆርጦ ለጥንቆላ ተጠቅሞበታል ብለው ከሰሱት። የተቆረጠ እጅም ማስረጃ ብለው አቀረቡ። አርሴንዮስ ግን በሕይወት ነበር፤ ተደብቆ ተገኘ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ እንደሚለው፣ በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ላይ አትናቴዎስ ሰውየውን በልብስ ሸፍኖ አስገባው። ፊቱን ገለጠው፤ አንድ እጁን አሳየ፤ ቆየት ብሎ ሁለተኛውን አሳየ። ከዚያም ሦስተኛው እጅ ከየት ላይ እንደተቆረጠ ከሳሾቼ ያሳዩኝ አላቸው። ይህም ሆኖ ጉባኤው በሌሎች ክሶች ከመንበሩ ሻረው። ቁስጥንጥንያ ሄዶ ንጉሡን ቆስጠንጢኖስን መንገድ ላይ በፈረስ ሲሄድ አስቁሞ አቤት አለ። ከሳሾቹ ጊዜ አላጠፉም። አዲስ ክስ ይዘው ከተፍ አሉ። ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል አስቀራለሁ ብሏል አሉት። ዋና ከተማዋ የምትበላው የግብፅን ስንዴ ነው። ንጉሡ ይህን ሲሰማ አልታገሠም። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር አጋዘው።

ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት ተመለሰ። በ339 ደግሞ ተባረረና ሮም ገባ። ይህ ስደቱ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። የሮሙ ጳጳስ ዩልዮስ ተቀበለው። በ346 ሲመለስ የእስክንድርያ ሕዝብ በእልልታ ነው የተቀበለው። ቀጥሎ ያለው አሥር ዓመት በመንበሩ የተረጋጋበት ረጅሙ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ስደት በሌሊት መጣ። የካቲት 356 ነው። ሕዝቡ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለማኅሌት ተሰብስቦ ነበር። ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ። ይህን አትናቴዎስ ራሱ ጽፎታል። ሕዝቡን ትቼ መሸሽ አልሆነልኝም ይላል። በመንበሩ ተቀመጠና ዲያቆኑን መዝሙር እንዲያነብ አዘዘ፤ ሕዝቡ ደግሞ እየተቀበለ እንዲመልስ። ያ መዝሙር እኛ 135ኛ የምንለው ነው። በግዕዝ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» እያልን የምንቀበለው። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ ሰይፍ መዘው ሲገቡ ካህናቱ ውጣ ብለው ለመኑት። ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። በመጨረሻ መነኮሳቱና ካህናቱ ጎትተው አወጡት። ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ በግብፅ በረሃ ተደበቀ። ከገዳም ወደ ገዳም መነኮሳቱ አሳለፉት፤ አንድም አሳልፎ የሰጠው የለም። አባ እንጦንስ ያረፈው በዚያው በ356 ነው። አትናቴዎስ የእሱን ገድል በዚህ ጊዜ ጻፈ። ያ መጽሐፍ በላቲን ተተርጉሞ ምንኩስናን እስከ አውሮፓ አደረሰው። ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን የላካቸው ደብዳቤዎችም የበረሃው ፍሬ ናቸው።

እኛም በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንገባው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ነበር። ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ ላኩ ሊል ነው የሄደው። አትናቴዎስ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ አንተ ያደረበት ሌላ ሰው ከየት እናገኛለን ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱ ነው። አትናቴዎስ በረሃ ሲገባ ንጉሡ ቆንስታንቲዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኤዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ወንጀለኛ ነው፤ ፍሬምናጦስ ቶሎ ወደ እስክንድርያ ይላክና በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር ይላል። ይህ ጊዮርጊስ ከሰማዕቱ ጊዮርጊስ ጋር እንዳይምታታብዎት። በአትናቴዎስ ቦታ የተተከለው የቀጰዶቅያው ሰው ነው። ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ገልብጦታል። እስቲ ያስቡት። በሮም ግዛት ውስጥ መጠጊያ ያጣ ሰው ነው። ንጉሡ ከግዛቱ ውጭ፣ እስከ አክሱም ድረስ ሥሩን ሊነቅል ፈለገ። አልተነቀለም። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ጳጳሷን የተቀበለችው ከዚያው ከማርቆስ መንበር ነው።

ቀሪዎቹ ሁለት ስደቶች አጫጭር ናቸው። አራተኛው በ362፣ በንጉሡ በዩልያኖስ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ሲያለቅስ «ትንሽ ደመና ናት፣ ቶሎ ታልፋለች» አለ። በአባይ ላይ በጀልባ ሲሸሽ ወታደሮች ተከተሉት ይባላል። ጀልባውን አዙሩ አለና ፊት ለፊት ሄደ። «አትናቴዎስን አይታችኋል?» ሲሏቸው «ቅርብ ነው፣ ፍጠኑ» ተብሎ ተመለሰላቸው። ዩልያኖስ በሚቀጥለው ዓመት በጦርነት ሞተ። አምስተኛው በ365 በንጉሡ በቫለንስ ዘመን ሲሆን አራት ወር ያህል ብቻ ቆየ።

እንግዲህ ወደ ፊደሏ እንመለስ። በ358 አካባቢ የአንኪራው ባስልዮስ የሚመራቸው ጳጳሳት ሆሞይኡሲዮስ የሚለውን ቃል ይዘው መጡ። አርዮስን አጥብቀው ይቃወማሉ። ወልድ ፍጡር አይደለም ይላሉ። «በባሕርይ አንድ» የሚለው ቃል ግን አብና ወልድን አንድ አካል አድርጎ እንዳያጠፋፋ ፈሩ። ፊደሏ ያለችው እዚህ ነው። ልጅዎ የሰማው ታሪክ እውነት ቢሆን ኖሮ አትናቴዎስ በእነዚህ ሰዎች ላይ መነሣት ነበረበት።

ያደረገው ተቃራኒውን ነው። በ359 በጻፈው መጽሐፍ፣ እነዚህ ሰዎች ጠላት ተደርገው ሊታዩ አይገባም አለ። እኛ የምናስበውን የሚያስቡና በቃሉ ብቻ የሚጠራጠሩ ወንድሞች ናቸው፤ እንደ ወንድም ከወንድም ጋር እንነጋገራለን አለ። በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ስደቱ ላይ ነው፤ በረሃ ውስጥ ተደብቋል። መጨከን ቢፈልግ ምክንያት አያጣም ነበር።

በ362 ተመልሶ በእስክንድርያ ጉባኤ ሲሰበስብም እንዲሁ አደረገ። በአንጾኪያ ክርስቲያኖች ተከፋፍለው ነበር። ገሚሱ በእግዚአብሔር ሦስት ሂፖስታሲስ አለ ይላል፤ ሂፖስታሲስ «አካል»ም «ባሕርይ»ም ተብሎ ሊተረጎም የሚችል የግሪክኛ ቃል ነው። ገሚሱ አንድ ሂፖስታሲስ ነው ይላል። አንዱ ሌላውን መናፍቅ ይለዋል። ጉባኤው ሁለቱንም ወገን ጠየቀ። ሦስት የምትሉት ሦስት አማልክት ማለታችሁ ነው? አይደለም፣ አብ በእውነት አብ፣ ወልድ በእውነት ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስም በእውነት አለ ማለታችን ነው አሉ። እናንተስ አንድ የምትሉት ወልድና መንፈስ ቅዱስ የሉም ለማለት ነው? አይደለም፣ ባሕርዩ አንድ ነው ማለታችን ነው አሉ። ቃሉን ለየብቻ ተረድተውት ኖሯል። ጉባኤው ሁለቱንም ተቀበለ። ለአንጾኪያ በተላከው ደብዳቤም በቃል አትጣሉ ተባለ።

ሌላም ነገር ልጨምር። አትናቴዎስ ራሱ ከኒቅያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሆሞኡሲዮስ የሚለውን ቃል እምብዛም አይጠቀምበትም። አጥብቆ መከላከል የጀመረው ከ350 ገደማ ወዲህ ነው። ነገሩን ግን አንድ ቀን አልተወም። ለአንዲት ፊደል የሚሰደድ ሰው እንደዚህ አይጽፍም።

ልጅዎ አንባቢ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከእኔ ይስሙት። አትናቴዎስ ኃይለኛ ነበር፤ ብዕሩ ይናከሳል። ተቃዋሚዎቹን ሁሉ «አርዮሳውያን» ብሎ በአንድ ከረጢት የመክተት ልማድ ነበረው፤ ብዙዎቹ ግን የአርዮስ ተከታይ ነን አይሉም ነበር። በ335 የተጻፈ አንድ የፓፒረስ ደብዳቤም አለ፤ በ1924 ታትሟል። የጻፈው ሜሌጢያዊ ነው። የአትናቴዎስ ደጋፊዎች ወገኖቹን እንደደበደቡ ይናገራል። የከሳሽ ወገን ቃል ቢሆንም ለሕዝብ የተጻፈ ክስ አይደለም፤ በወንድማማቾች መካከል የተላላኩት ነው። ስለዚህ አልንቀውም። የዚያን ዘመን እስክንድርያ ጎዳና ላይ የሁሉም ወገን ሰው እጁን አንሥቷል። ቅድስናውን ለማክበር ይህን መደበቅ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

ያረፈው ግንቦት 2 ቀን 373 ነው፤ በእኛ ግንቦት 7 የምናስበው። በአልጋው ላይ፣ በመንበሩ እንዳለ ነው ያረፈው። ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ በቁስጥንጥንያ 150 አባቶች ተሰብስበው የኒቅያን ሃይማኖት አጸኑ። እሱ ግን አላየውም።

በመጨረሻ፣ እሑድ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ ልጅዎን አንድ ቦታ ላይ ጆሮውን እንዲሰጥ ይንገሩት። ሆሞኡሲዮስ ያለው ቦታ ላይ ግዕዙ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ይላል። በመለኮቱ ከአብ ጋር እኩል የሆነ ማለት ነው። የቀደሙት ተርጓሚዎቻችን የግሪኩን ቃል ከነፊደሉ አላመጡትም። ቃሉ የሚጠብቀውን ነገር ነው ያመጡት። በግዕዙ ውስጥ ያቺ ዮታ የምትገባበት ቀዳዳ የለም። ከዚያ በኋላ ማንበብ ከፈለገ ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይጀምር። አጭር ናት፤ በአንድ የዕረፍት ሳምንት ትነበባለች። የንጉሡንና የከተማውን ምሳሌ ሲደርስ ደግሞ ለእርስዎም ጮክ ብሎ ያንብብልዎት።